ፍሳሽ ወደ ቤት ሲመለስ፦ እናፍር ወይስ እናጽዳ?

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ባልና ሚስት አነጋገር፣ ስለ ቤት ወጪ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ የማነሳው ግን በእንግዳ ፊት የማይነሣ፣ በማዕድ ላይ የማይጠራ ጉዳይ ነው። እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ መጽሔቱን አስቀምጡትና ስትጨርሱ ተመለሱ፤ አልቀየምም።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ወር ነው። እዚህ ሐዋሳ በኪራይ በምንኖርበት ግቢ ሦስት ቤተሰቦች አንድ ሴፕቲክ ታንክ እንጋራለን። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ላይ ከገላ መታጠቢያው ወለል ሥር የሚንቦጫቦጭ ድምፅ ሰማሁ። ገብቼ ሳይ ውሃ መውረጃው ወደ ታች መውሰዱን ትቶ ወደ ላይ ይተፋል። ጥቁር፣ የሚሸት ውሃ ነበር። መወልወያ ይዤ እስክመለስ ኮሪደሩን አልፎ የሳሎኑን ምንጣፍ ጫፍ ነክቷል። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ማታ የቤት ለቤት ኅብረቱ የሚሰበሰበው እኛ ሳሎን ነው።

በዚያን ቀን የማልኮራባቸውን ሦስት ነገሮች አደረግሁ። መጀመሪያ፣ አብራን የምትኖረውን፣ በሥራ የምታግዘኝን ልጅ ጠርቼ “ቶሎ በይ፣ ጥረጊው!” አልኳት። ልጅቷ በባዶ እጇ፣ በነጠላ ጫማ ጨርቅ ይዛ ገባች። ሁለተኛ፣ ለኅብረቱ መሪ ስልክ ደውዬ “ባለቤቴን ራሱን አሞታል፣ ዛሬ ይቅርብን” አልኩ። ባለቤቴ ግን ደህና ነበር፤ ታቦር አካባቢ ለቅሶ ቤት ሄዶ ነበር። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። ፍሳሹ ከማንሆሉ ክዳን ሥር ወጥቶ በአጥሩ ሥር ወደ ጎረቤት ግቢ ሲገባ አየሁ። ጎረቤቴ የጉድጓድ ውሃ እንዳላት አውቃለሁ። ባልዲ ውሃ ደፋሁበትና ዱካውን አጥፍቼ ዝም አልኩ።

እኩለ ቀን ላይ ባለቤቴ መጣ። ልጅቷ ተንበርክካ ስትጠርግ፣ እኔ ደረቁ ደፍ ላይ ቆሜ ሳዝዝ አገኘን። “እሷ ውስጥ ናት፣ አንቺ ደፍ ላይ ነሽ” አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ልጅቷን አስነሥቶ እጇንና እግሯን በሳሙና እንድትታጠብ አደረገና ሱሪውን መሰብሰብ ጀመረ። እኔም ተናደድኩ። “ምእመናን ቢያዩህስ? ፓስተር ሽንት ቤት ሲጠርግ!” አልኩት። ሳቅ ብሎ “ባለፈው እሑድ ስለ እግር ማጠብ ያስተማርኩት እኮ እኔ ነኝ” አለኝ። እናንተ ባለትዳሮች፣ እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ እንዴት እንደሚያናድድ ታውቁታላችሁ! ግን እውነቱን ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጎረቤቴ በራችንን አንኳኳች። ትንሹ ልጇ ሌሊቱን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው አድሮ ወደ ጤና ጣቢያ ልትወስደው ነው። የመጣችው ልትከሰኝ አልነበረም፤ “እትዬ፣ ጸልዩልኝ” ልትለኝ ነበር። አፌ ለጸሎት አልከፈት አለኝ። ያየሁትንና የደበቅሁትን ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችኝና “እትዬ፣ ቢነግሩኝ ኖሮ ውሃውን አፍልቼ እሰጠው ነበር” አለችኝ። ልጁ፣ ጌታ ይመስገን፣ ድኗል። ሕመሙ ከእኛ ፍሳሽ ይምጣ ከሌላ አላውቅም። “ከእኛ አይደለም” ለማለት ግን አፍ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ነበርና።

ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ በረኪናና ስለ መጥረጊያ ብቻ አይደለም። የፍሳሽ ጽዳት የመጀመሪያው ሥራ መናገር ነው።

የቤቱ ባለቤት ሄዶ ይናገር

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ጉዳይ ዝም ያለ የሚመስለው ካለ ዘሌዋውያን 14፥33-53ን ያንብብ። በቤት ግድግዳ ላይ ደዌ ቢታይ መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? የቤቱ ባለቤት ራሱ ሄዶ ለካህኑ ይናገራል። ቀጥሎ ዕቃው ይወጣል፤ ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ደዌው ከሰፋ የተበከለው ድንጋይ ተነቅሎ፣ ምርጊቱ ተፍቆ ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ ከዚያም በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይጠገናል። ዘዳግም 23፥12-14 ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ከሰፈሩ ውጭ እንዲቆፍርና ዐይነ ምድሩን እንዲከድን ያዛል። በሁለቱም ቦታ “ሰው ምን ይለኛል” ለሚል እፍረት ቦታ አልተተወም።

ከእኛ አገር ርቀን አንድ ታሪክ ልጨምር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ለንደን ውስጥ፣ ሶሆ በሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ከ600 ሰው በላይ ገደለ። ዶክተር ጆን ስኖው በሽታው ከብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ እንደሚመጣ አስረዳ፤ የፓምፑ እጀታም ተነቀለ። የሰፈሩ ረዳት ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ መጀመሪያ አላመነውም። ስለዚህ ምእመናኑን እያወቀ፣ በየቤቱ እየገባ ይጠይቅ ጀመር። በመጨረሻ ከፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት የአንዲት ሕፃን እናት አገኘ። ልጇ በተቅማጥ ስትታመም የጨርቋን እጣቢ ቤቱ ሥር ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ትደፋ እንደነበር ነገረችው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ጡቡ ፈራርሷል፤ ከውሃው ጉድጓድ የሚለየውም ከአንድ ሜትር ያነሰ አፈር ነበር። ቄሱ የሐኪሙን ቃል ሊያፈርስ ወጥቶ የሐኪሙ ምስክር ሆነ። ይህም የሆነው አንዲት እናት ስለተናገረች ነው።

“ይህ የድሮ ታሪክ ነው” እንዳትሉ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባ አተት የተነሣበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ኮሌራ በብዙ ክልሎች ሲዛመት የእኛ ሲዳማም አልቀረለትም።

ለምን ይመለሳል?

አዲስ አበባ ላይ የከተማው አንድ ክፍል ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚሄድ የፍሳሽ መስመር አለው። ሐዋሳ ላይ ግን አብዛኞቻችን የምንጠቀመው በግቢያችን የተቆፈረ ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ነው። ታንኩ ዝቃጩን ከታች አስቀምጦ ውሃውን ወደ አፈር ያሰርጋል። ዝቃጩ ሲሞላ፣ ማስረጊያው ሲደፈን ወይም ክረምት አፈሩ ውሃ ጠግቦ “አልቀበልም” ሲል ፍሳሹ የመጣበትን መንገድ ይዞ ይመለሳል። የሚወጣውም ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ቀዳዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከገላ መታጠቢያው ወለል ነው። የጣሪያ አሸንዳ ውሃ ወደ ታንኩ የሚገባበት ግቢ ከሆነ ደግሞ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። የእኛም ችግር ይኸው ነበር።

አንድ መለያ ላሳያችሁ። አንዱ መውረጃ ብቻ ከተዘጋ ችግሩ የዚያ ቧንቧ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ ይከፍተዋል። ሁሉም በአንድ ላይ ከተመለሱ ግን ታንኩ ሞልቷል ወይም ዋናው መስመር ተደፍኗል ማለት ነው። ያኔ መጣጭ መኪና መጥራት ነው።

በቅደም ተከተል እናጽዳ

አንደኛ፣ ውሃ መጠቀም አቁሙ። ታንኩን የሚጋሩት ሁሉ ይነገራቸው፤ እናንተ እየጠረጋችሁ ላይኛው ቤት ልብስ ካጠበ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ውሃው ማከፋፈያና ሶኬት አጠገብ ከደረሰ በእርጥብ እግር ሄዳችሁ አትንኩ፤ ደረቅ ቦታ ቆማችሁ መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት ካልቻላችሁ ባለሙያ ጥሩ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች ከቤት ይውጡ።

ሁለተኛ፣ ልበሱ። የላስቲክ ቦት ጫማ፣ ወፍራም የላስቲክ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ። እጅ ወይም እግር ላይ ቁስል ያለበት ሰው አይግባ። ጓንቱ አንድ ብቻ ከሆነ የሚያጠልቀው የሚሠራው ሰው ነው። እመቤት ጓንት አጥልቃ ሠራተኛዋ በባዶ እጇ የምትሠራበት ቤት በእግዚአብሔር ፊት የጸዳ ቤት አይባልም።

ሦስተኛ፣ ወፍራሙን በአካፋ ዝፈቁና በድርብ ማዳበሪያ ከረጢት አድርጋችሁ እሰሩ። ወደ መንገድ ቦይ አትጥረጉት። የከተማችን ጎርፍ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል፤ ዓሣውንም የምንበላው ከዚያው ነው።

አራተኛ፣ የሚጣለውን ጣሉ። እዚህ ላይ እኛ ሴቶች ልባችን ይሳሳል። ፍሳሽ የጠጣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ የሰፌድና የመሶብ ዕቃ አይጸዳም። የረጠበ ጤፍ፣ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ወለል ላይ የነበረ ሽንኩርትና ድንች “ታጥቦ ይበላል” አይባልም። የእናቴ መሶብ ነበረ፤ አልቅሼ ጣልኩት። ብረት ድስት፣ ሸክላ ሳህንና ብርጭቆ ግን በሳሙና ታጥበው በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና በተጨመረበት ይዘፍዘፉ፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ይለቅለቁ። ልብስና አንሶላ ከሌላው ተለይቶ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ይታጠብ፤ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

አምስተኛ፣ መጀመሪያ ሳሙና፣ ቀጥሎ በረኪና። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉ በቆሻሻው ላይ ያልቃል። ስለዚህ ወለሉና ግድግዳው በሳሙናና በሙቅ ውሃ ተፈግፍጎ ይታጠብ። ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡት። ወለሉ ቢያንስ 10 ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። መለያ ጽሑፍ ከሌለው ጀሪካን ተቀድቶ የሚሸጠው ምን ያህል ኃይል እንዳለው አይታወቅምና የታሸገውን ግዙ። ፀሐይና ጊዜ ያደክሙታል፤ የዛሬውን ዛሬ በጥብጡ።

ተጠንቀቁ! በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ወይም አሞኒያ ካለበት ነገር ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ሊገድልም ይችላል። መስኮትና በር ክፈቱ።

ስድስተኛ፣ አድርቁ። ርጥብ ቤት ሻጋታ ይጋብዛል። የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ፍሳሹን እንደ ስፖንጅ ይመጠዋልና ላዩን ማጠብ አይበቃም። የረጠበውን ምርጊት ፍቃችሁ አውጡ፤ ውስጡ ሲደርቅ በአዲስ ጭቃ ምረጉት። ኦሪት ያዘዘው ቅደም ተከተል እኮ ይኸው ነው፦ ማውጣት፣ መፋቅ፣ ማራቅ፣ መጠገን።

ጉድጓዱ ውስጥ ማንም እንዳይገባ!

ይህን ለብቻው የጻፍኩት ሰው ስለሚሞትበት ነው። የተዘጋውን ለመክፈት ብሎ ታንክ ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው በውስጡ ባለው ጋዝ ራሱን ስቶ ይወድቃል። እሱን ለማውጣት የሚገባው ሁለተኛውም በዚያው ይቀራል። ክዳኑ ሲከፈት ክብሪት፣ ሻማ ወይም ከሰል አታቅርቡ፤ ጋዙ ይቀጣጠላል። የቀን ሠራተኛ ቀጥራችሁ “ግባና ክፈተው” አትበሉ። ለጥቂት ብር ሲባል የአንድን እናት ልጅ አታስገቡ።

ውሃውና ጤናው

በአቅራቢያ የጉድጓድ ውሃ ወይም መሬት ውስጥ የተቀበረ የውሃ ማጠራቀሚያ ካለ ባለቤቶቹ በዚያው ሰዓት ይነገራቸው። የውሃ ጉድጓድ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ግቢያችን ግን ጠባብ ነው፤ ስለዚህ መነጋገር ግዴታ ነው። የተጠረጠረ ውሃ እስኪፈተሽና ጉድጓዱ በክሎሪን እስኪታከም ድረስ ለመጠጥ አይዋል። ሌላ ውሃ ከሌለ ገንፍሎ ይፈላ፤ ሐዋሳ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ በሚሉ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ሦስት ደቂቃ። እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ የምትጠቀሙም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ።

ጽዳቱ ሲያልቅ ሁሉም ገላውን ይታጠብ። በሚቀጥሉት ቀናት ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ትኩሳት ወይም የዐይን ቢጫ መሆን ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ “ቤታችን ፍሳሽ ገብቶ ነበር” ብላችሁም ንገሩ። እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ ከሆነ ሰዓት አትቁጠሩ፤ አንዱን ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ እያጠጣችሁ ውሰዱት። ጸሎት አታቋርጡ፤ መንገዱንም አታቋርጡ።

እንዳይመለስ

ታንኩ እንደ ስፋቱና እንደ ሰዉ ብዛት በየ2 እስከ 5 ዓመት ይመጠጥ፤ ተራውን ከግንቦት በፊት ብታደርጉት ክረምቱ አይቀድማችሁም። ግቢውን የሚጋሩ ሁሉ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያጠራቅሙ ወጪው በአንድ ቤት ላይ አይወድቅም። ሞዴስ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የቡና አተላና የድስት ቅባት ወደ ቧንቧ አይግባ። አሸንዳውን ከታንኩ ለዩት።

ወለል ላይ ባለው መውረጃ ሥር የቧንቧው እጥፋት ውሃ ይይዛል፤ ሽታና ጀርም የሚያግደውም ያ ውሃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ሆንግ ኮንግ ውስጥ አሞይ ጋርደንስ በተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ሳርስ ከ300 በላይ ሰዎችን ይዟል፤ ለመዛመቱም ምክንያት ከተባሉት አንዱ ይህ ውሃ በየመታጠቢያ ቤቱ ደርቆ መገኘቱ ነው። በማትጠቀሙበት መታጠቢያ ቤት በሳምንት አንዴ አንድ ጆግ ውሃ ድፉበት።

የእኛስ ቤት?

ባለቤቴና እኔ ከጎረቤታችን ጋር ተነጋግረን የሦስቱን ቤተሰቦች መዋጮ አስጀመርን። ጉድጓዷን ጤና ባለሙያ አይቶላት በክሎሪን ታከመ፤ ወጪውን እኛ ከፈልን። ለኅብረቱ መሪ ደውዬም “ያን ዕለት ዋሽቼአለሁ” አልኩት። ሳቀና “የእኛም ቤት አምና ተመልሶብን ነበር፤ እኛም የዚያን ሳምንት እንግዳ መጣብን ነበር ያልነው” አለኝ። ስንቶቻችን በአንድ ዓይነት ፍሳሽ ላይ ቆመን ለየብቻችን አፍረናል!

ከሁሉ የከበደኝ ግን አብራን የምትኖረውን ልጅ ይቅርታ መጠየቅ ነበር። መሬት መሬት እያየች “ምንም አይደለም፣ እትዬ” አለችኝ። ምንም እንዳልሆነ ማመኗ ነው ያስለቀሰኝ። ዛሬ በቤታችን ሁለት ጥንድ ጓንት በር ላይ ተሰቅሏል፤ አንዱ የባለቤቴ፣ አንዱ የእኔ። የእሷ ሥራ ያን ቀን ልጆቹን ይዛ ጎረቤት መቀመጥ ነው።

ባልና ሚስት ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፦

1. በቤታችን የቆሸሸው ሥራ የሚወድቀው በማን ላይ ነው?
2. ሰው እንዳያውቅብን ብለን የደበቅነው፣ ጎረቤትን ግን ሊጎዳ የሚችል ነገር አለ?
3. ታንካችን መጨረሻ የተመጠጠው መቼ ነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ “አላውቅም” ብላችሁ ከመለሳችሁ ነገ ጠዋት ጠይቁ። እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ጌታ ቤታችሁንም ጎረቤታችሁንም ይባርክ። አሜን።